ምስጥ ባሕር አይሻገርም፤ የሚያሻግረው ሰው ነው

ምስጥ ለገበሬው እንግዳ ጠላት አይደለም። ኩይሳው በማሳው መካከል፣ መንገዱም በጎጆው ምሰሶ ሥር ነው። ዝናም ሲጥል ከኩይሳው አፍ እየተትጎለጎለ የሚወጣው ክንፋም ምስጥ ብዛቱ ምሳሌ ሆኖ፣ አንድ ነገር ሲበረክት «እንደ አሸን ፈላ» ማለት የቋንቋችን ልማድ ሆኗል። በመሆኑም ስለ ምስጥ ለገበሬ ማኅበር መሪዎች መጻፍ ለቀባሪ አረዱት ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናነሣው ምስጥ ከምናውቀው ባለኩይሳ ምስጥ የተለየ ነው። ይህኛው በእንጨት ውስጥ ተደብቆ በመርከብ ይጓዛል፤ በውቅያኖስ መካከል በሚገኙ ደሴቶች ላይ ወርዶም ከተማ እስከ ማፍረስ ደርሷል። የደሴቶቹ ሰዎች ከዚህ ተባይ ጋር ያደረጉትን ትግል ስንመረምር፣ ውጤቱን የወሰነው የመድኃኒቱ ብርታት ብቻ አለመሆኑን እንረዳለን። ይልቁንም ወሳኙ ነገር፣ በአካባቢው የሚገባውንና የሚወጣውን እንጨት የሚያውቅ ኃላፊ መኖሩ ወይም አለመኖሩ ነበር። ጉዳዩን ለማኅበር መሪዎች ያቀረብነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከጥንቱ እንጀምር። ቅድስት ሄሌና በደቡብ አትላንቲክ ውቅያኖስ የምትገኝ፣ ናፖሊዮን በግዞት ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1821 የሞተባት ትንሽ ደሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ1840 ገደማ የእንግሊዝ የባሕር ኃይል የባሪያ ንግድ መርከቦችን በባሕር ላይ እየያዘ ወደዚህች ደሴት ያመጣ ነበር። የተያዙት መርከቦች ይፈርሱና እንጨታቸው ለልዩ ልዩ አገልግሎት ይውል ነበር። ከብራዚል ጋር ይነግድ ከነበረ ከአንደኛው መርከብ እንጨት ጋር ምስጥ ወደ ጄምስታውን ከተማ ገባ። ለጥቂት ዓመታት ማንም ልብ አላለውም። ከዚያ በኋላ ግን የቤቶቹ ወራጆች፣ የወለል ሳንቃዎች፣ የበርና የመስኮት ጉበኖች ውስጥ ውስጡን እየተበሉ ከላይ ቅርፊታቸው ብቻ ቀረ፤ መጻሕፍት ሳይቀሩ ተበሉ። ከከተማይቱ ቤቶች ብዙዎቹ እንደገና መሠራት ነበረባቸው። ሰውን ለባርነት ሲያግዝ የኖረው መርከብ ተይዞ ከፈረሰ በኋላም ጥፋቱ አላበቃም ማለት ነው። እንጨቱን የወሰዱት ሰዎች ደግሞ እንደ ማንኛውም አስተዋይ ሰው ዛፍ በማይበዛበት ደሴት ላይ ደኅና ጣውላ ሲወድቅ ማየት ስላልወደዱ እንጂ ሌላ ክፋት አልነበራቸውም።

በዓለም ላይ ከሚታወቁት በሺህ የሚቆጠሩ የምስጥ ዓይነቶች መካከል እንዲህ ባሕር ተሻግረው በሰው አገር የሚሰፍሩት በጣም ጥቂቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ሳይንሳዊ ዳሰሳ ቁጥራቸውን 28 አድርሶታል፤ እ.ኤ.አ. በ1969 የተቆጠሩት ግን 17 ብቻ ነበሩ። እነዚህ ምስጦች የሚጋሩት ጠባይ ሦስት ነው። ምግባቸው እንጨት ነው። ጎጇቸውንም በዚያው በሚበሉት እንጨት ውስጥ ማድረግ ይችላሉ። ሦስተኛውና እጅግ አደገኛው ጠባያቸው ግን ከመንጋው ተቆርጦ የቀረው ክፍል ሌላ ንጉሥና ንግሥት ከራሱ መካከል በቀላሉ ማውጣት መቻሉ ነው።

ይህን ከእኛው ምስጥ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። በምዕራብ ወለጋም ሆነ በስምጥ ሸለቆ ትልልቅ ኩይሳ የሚሠራው ምስጥ ንግሥቲቱን በጭቃ ክፍል ዘግቶ፣ ያመጣውን ጭድና ቅጠል እያብላላ በጎጆው ውስጥ የሻጋታ ዘር የሚያለማ «ገበሬ» ነው። ያለዚያ እርሻውና ያለ ኩይሳው ብዙ ሊቆይ አይችልም። አንድ ወራጅ ተጭኖ ወደ ሌላ አውራጃ ቢሄድና ጥቂት ሠራተኛ ምስጦች ቢከተሉት አዲስ ኩይሳ አይፈጠርም። ተጓዡ ምስጥ ግን እንደ ሸንኮራ አገዳ ነው። አንድ ቁራጭ ከወደቀ፣ እርጥበትና እንጨት ካገኘ፣ ያቺው ቁራጭ ዘር ትሆናለች። ስለዚህ ለእኛ ምስጥ የሚታረሰው መሬት፣ የግጦሹና የኩይሳው ጉዳይ ዋና ሲሆን፣ ለደሴቶቹ ምስጥ ግን ዋናው ጉዳይ የዕቃ ዝውውር ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ መመልከት ብዙ ገንዘብና ድካም ያባክናል።

በሰላማዊ ውቅያኖስ የምትገኘው ሐዋይ የዚህን ተባይ ዝግተኛነት በሚገባ ታሳያለች። ትውልዱ ከደቡብ ቻይናና ከታይዋን የሆነው የፎርሞሳ ምስጥ በሆኖሉሉ ከተማ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው። ወደቡ ለረጅም ዘመን ከእስያ ጋር ሲነግድ ስለኖረ ከዚያ በፊት እንደገባ ይገመታል። አንድ ጥንድ አሸን ክንፉን ጥሎ በእርጥብ እንጨት ሥር ሲሰፍር፣ ጎጆው ጉዳቱ በዓይን እስኪታይና በተራው አሸን እስኪያወጣ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይፈጅበታል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ቤቱ ይሸጣል፣ እንጨቱ ይዛወራል፣ ጀልባው ወደ ሌላ ደሴት ይሄዳል። ከጎለመሰ በኋላ ግን በአንድ ጎጆ ብቻ በሚሊዮን የሚቆጠር ምስጥ ይኖራል፤ ምግብ ፍለጋም ከመሬት በታች እስከ መቶ ሜትር ድረስ ይሄዳል። በግንቦትና በሰኔ ምሽቶች አሸኑ ወደ መብራት ስለሚጎርፍ ብዙ ቤተሰብ መብራቱን አጥፍቶ ይቀመጣል። ዛሬ ሐዋይ ለዚህ ምስጥ መከላከያና ለጥገና በየዓመቱ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደምታወጣ ይገመታል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ይኸው ምስጥ ከሰላማዊ ውቅያኖስ በተመለሱ የጦር ዕቃ ማሸጊያ እንጨቶች ወደ ደቡባዊ ዩናይትድ ስቴትስ ወደቦች፣ ወደ ኒው ኦርሊንስና ወደ ሂዩስተን አካባቢ እንደ ገባ ይነገራል። ከወደቦቹ ወደ መሀል አገር ያስፋፋው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሐዲድ ሥር ተነቅሎ ለአትክልት ቦታ ማጠሪያ የተሸጠ አሮጌ የባቡር ሐዲድ አግዳሚ እንጨት ነው።

ይሁን እንጂ ከሐዋይ የተገኘ አንድ ብልሃት መጥቀስ ተገቢ ነው፤ ለገበሬም ስለሚገባ። በዚያ ያሉ ተመራማሪዎች የባዝልት ድንጋይ ፈጭተው በልክ ነፍተው ከቤት መሠረት ሥር አነጠፉ። ጠጠሩ ምስጡ በአፉ ነክሶ ሊያነሣው የማይችለው ያህል ትልቅ፣ በመካከሉም ሹልክ ብሎ እንዳያልፍ ያህል ትንሽ ነው። መጠኑ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። መርዝ የለውም፣ አይተንም፣ አያረጅም። ልኩ ለአንዱ የምስጥ ዓይነት ቢሠራ ለሌላው ላይሠራ እንደሚችል መዘንጋት የለበትም፤ ስለዚህ በየወንዙ ዳር የሚገኝ ጠጠር ሁሉ ያንኑ ሥራ ይሠራል ማለታችን አይደለም።

የአዞር ደሴቶች ታሪክ ሌላ ነው። እነዚህ በአትላንቲክ መካከል የሚገኙ የፖርቱጋል ደሴቶች ሲሆኑ፣ ከእነርሱም በተርሴይራ ያለችው አንግራ ዶ ኤሮይዝሞ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1980 በመሬት መንቀጥቀጥ ክፉኛ ተጎድታ እንደገና የታነጸች፣ በ1983 ደግሞ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበች ናት። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በከተማይቱ ጣሪያዎች ውስጥ የተገኘው የደረቅ እንጨት ምስጥ የትውልድ ስፍራው የፔሩና የቺሊ በረሃማ ጠረፍ ነው። ይህኛው ከአፈር ጋር አንዳችም ግንኙነት የለውም። ውኃ አይፈልግም፤ በመሬት ላይ የጭቃ መንገድ አይሠራም፤ በወንበር እግር፣ በሥዕል ክፈፍ፣ በሣጥን ክዳን ውስጥ ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል። መኖሩን የሚያሳብቀው ከቀዳዳው አውጥቶ የሚጥለው እንደ ጤፍና እንደ ሰሊጥ ፍሬ ያለ ደቃቅ ደረቅ ኩሱ ነው። እንግዲህ በቤቱ ዙሪያ አፈሩን በመድኃኒት ያራሰ ሰው በዚህ ምስጥ ላይ ምንም አላደረገም። እንጨቱን በሙቀት ወይም በጋዝ ማከም፣ አለዚያም አንሥቶ ማቃጠል የግድ ነው። የደሴቶቹ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2010 ስለ ምስጥ ቁጥጥር ራሱን የቻለ ሕግ ያወጣው አሮጌ የቤት ዕቃና ጣውላ ከአንዱ ደሴት ወደ ሌላው መሄዱ ዋናው በር መሆኑን ከተረዳ በኋላ ነው።

በእኛ አስተያየት ግን ለማኅበር መሪዎች ከሁሉ ይልቅ ትምህርት ያለው በፊጂ የሆነው ነው። ላውቶካ የቪቲ ሌቩ ደሴት ምዕራባዊ ወደብ፣ የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎች ምርታቸውን የሚያስረክቡበት ትልቅ የስኳር ፋብሪካ ያለባት ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2010 አካባቢ የእስያ የመሬት ውስጥ ምስጥ በከተማይቱ መሠራጨቱ ሲረጋገጥ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ቀድመው ተጎድተው ነበር። ይህ ምስጥ የተሠራውን እንጨት ብቻ ሳይሆን ሕይወት ያለውን ዛፍም ያጠቃል። መንግሥት አካባቢውን የአስቸኳይ ጊዜ የተባይ ቁጥጥር ክልል ብሎ በማወጅ ያገለገለ ጣውላ፣ የእንጨት የቤት ዕቃ፣ ሰጋቱራ፣ ከነአፈሩ የተነሣ ችግኝና የመሳሰለው ያለ ፈቃድ ከክልሉ እንዳይወጣ ከለከለ። ቤቶችን በመድኃኒት ማከምና የተጎዱትን መደገፍም ተሞከረ። ይህም ሆኖ ምስጡ ወደ ሌሎች የደሴቲቱ ከተሞች አልፎ፣ በኋላም ባሕር ተሻግሮ በሁለተኛይቱ ትልቅ ደሴት በቫኑዋ ሌቩ ላይ በምትገኘው በላባሳ ታየ።

እገዳው ትክክል ነበር። ነገር ግን የእገዳ ወረቀት ብቻውን ለምን እንደማይበቃ መሪዎች በቅርብ ሊያስቡበት ይገባል። አንድ ደሀ ቤቱ በምስጥ ተበልቶ ሲፈርስ በእጁ የሚቀረው ሀብት ያው ደኅና የሚመስለው ግማሽ ሳንቃና አንድ አልጋ ነው። ያንን ጭኖ ወደ ዘመዱ መንደር እንዳይሄድ ስትከለክለው፣ «አቃጥለው» ስትለው፣ በምትኩ ምን እንደምታደርግለት ካልነገርኸው በሌሊት ይጭነዋል። ቤቴ ምስጥ ገብቶበታል ብሎ ያመለከተ ሰው የቤቱ ዋጋ እንደሚወርድ፣ ጎረቤቱም እንደሚሸሸው ካወቀ ዝም ይላል። የተባይ ቁጥጥር በየትም አገር የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ሹሙ ጥፋተኛ ፍለጋ ሲወጣ ተባዩ ከተጠያቂው ጋር አብሮ ይደበቃል። ቀድሞ የተናገረ የሚመሰገንበት፣ እንጨቱ የተቃጠለበትም በማኅበሩ አቅም ጥቂትም ቢሆን የሚካካስበት ሥርዓት ከሌለ ዘበኛ በየመንገዱ ቢቆም የሚፈለገው ውጤት አይገኝም። ይህ ለምስጥ ብቻ ሳይሆን ለከብት በሽታም፣ ለተከለከለ ዘርም እውነት መሆኑን ብዙ የማኅበር መሪዎች ከእኛ በላይ ያውቁታል።

በሌላ በኩል ተባዩ ገና ጥቂት ሳለ ቢደረስበት ምን ያህል እንደሚቻል፣ ያም ቢሆን ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ እንግሊዝ አገር አሳይታለች። እርሷም ደሴት ናት። ሶንተን በተባለ የደቡብ ምዕራብ መንደር እ.ኤ.አ. በ1994 ከደቡብ አውሮፓ የመጣ የመሬት ውስጥ ምስጥ በሁለት ጎረቤታም ቤቶች ተገኘ። የገባው ከአፈሩ ጋር ከሌላ አገር በመጣ የአበባ ማሰሮ ሳይሆን እንዳልቀረ ይታሰባል። በ1998 የመንግሥት የማጥፋት ዘመቻ ተጀመረ። በየቦታው ማጥመጃ እየተቀበረ፣ በየጊዜው እየተከፈተ፣ ጠፋ ሲባል እንደገና ብቅ እያለ፣ ፈጽሞ መጥፋቱ የተነገረው በ2021 ነው። ሁለት ቤት፣ 27 ዓመት! ላውቶካን የሚያህል ከተማ ሲያዝ ምን እንደሚሆን አንባቢ ራሱ ያስላው።

በሶንተን የተሠራበት ማጥመጃ የቀድሞውን የምስጥ መድኃኒት አስተሳሰብ የለወጠ ነው። ቀድሞ የሚፈለገው ምስጡን በነካው ቅጽበት የሚገድል፣ በአፈር ውስጥም ለብዙ ዓመት የሚቆይ መርዝ ነበር። አልድሪን፣ ዲልድሪን፣ ክሎርዴንና ሄፕታክሎር ከነዚህ ዋናዎቹ ናቸው። ሲውሉ ሲያድሩ ግን በአፈር፣ በውኃ፣ በከብት ስብና በእናት ጡት ወተት ውስጥ እየተጠራቀሙ መገኘታቸው ስለ ታወቀ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በስቶክሆልም በተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት አራቱም በሚወገዱት ዝርዝር ገቡ። ሀገራችንም የስምምነቱ አባል ናት። አዲሱ ማጥመጃ ግን ሆን ተብሎ የዘገየ ነው። ምስጥ እያደገ ሲሄድ ቆዳውን ይቀይራል፤ መድኃኒቱም አዲሱ ቆዳ እንዳይሠራ ያግዳል። ሠራተኛው በልቶ ጤነኛ ሆኖ ይመለሳል፣ ለጓደኞቹ ያጎርሳል፣ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ጎጆው በሙሉ ይከስማል። የጎረሰውን ተካፍሎ መብላቱ ለምስጥ ብርታቱ እንደሆነ ሁሉ መጥፊያውም በዚሁ መጣ። ችግሩ ዋጋውና የክትትሉ ድካም ነው፤ ማጥመጃውን ቀብሮ የረሳ ሰው ገንዘቡን ቀበረ።

ወደ እኛ እንመለስ። በመና ሲቡ፣ በጃርሶና በነጆ አካባቢ ምስጥ ሰብሉን ከማሳ፣ ሣሩን ከግጦሽ፣ ጎጆውን ከቆመበት ሲያጠፋ መኖሩ የታወቀ ነው። በቀድሞ ዓመታት በየኩይሳው አልድሪን እየተጨመረ ዘመቻ ተካሂዷል። ኩይሳው ለጊዜው ይሞታል፤ ከድንበሩ ማዶ ያልታከመው ግን በተከታዩ ክረምት አሸኑን ያፈልሳል። ከዚህም ሌላ ግጦሹ ተራቁቶ ደረቅ ሣርና ቅጠል ሲጠፋ ምስጡ ወደ ቋሚ ሰብል እንደሚዞር ባለሙያዎች ደጋግመው አሳይተዋል። እንግዲህ በዚያ አካባቢ መሬትን ከልሎ ሣሩን እንዲያገግም ማድረግና ኩይሳ ቆፍሮ ንግሥት ማውጣትን በኅብረት፣ በአንድ ሰሞን መሥራት ከደሴቶቹ ከምንቀዳው ዕገዳ ይልቅ ይጠቅማል። በነገራችን ላይ፣ ከቀድሞ ዘመቻዎች የተረፈና ጊዜው ያለፈበት ልዩ ልዩ ፀረ ተባይ ከአንድ ሺህ ቶን በላይ ከየመጋዘኑ ተሰብስቦ በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ለማስወገድ ወደ ውጭ አገር መጫኑ የሚታወስ ነው። በአንዳንድ ግቢ የቀረ አሮጌ ቆርቆሮ ወይም ጆንያ ካለ «ለምስጥ ይሆነኛል» ተብሎ እንዳይከፈት መሪዎች ሊያሳውቁ ይገባል።

ታዲያ የተጓዡ ምስጥ ነገር ምን አገባን? አገራችን ደሴት ባትሆንም ዕቃዋ በባሕር ይመጣል። ለዚህ የሚሆን አንድ ቀላል ምሳሌ በኅብረት ሥራ መጋዘኖቻችን ውስጥ አለ፤ ይኸውም ማዳበሪያና ሌላ ዕቃ የሚደረደርበት የእንጨት ርብራብ፣ ፓሌት የሚባለው ነው። በዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት ከአገር ወደ አገር የሚሻገር የማሸጊያ እንጨት ውስጡ 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስና በዚያም ለ30 ደቂቃ እስኪቆይ መሞቅ፣ ወይም በሌላ በተፈቀደ ዘዴ መታከም አለበት። የታከመው የስንዴ ዛላ የሚመስል ምልክት ይታተምበታል። የመጋዘን ኃላፊው ምልክቱን ቢመለከት ጊዜ አይወስድበትም። ምልክቱ እንጨቱ ሲወጣ መታከሙን እንጂ በመንገድ ላይ ወይም በወደብ ዳር ሲቆይ አዲስ ተባይ አለመግባቱን እንደማያረጋግጥ ግን መታወቅ አለበት። ስለሆነም ፓሌቱ ተፈታትቶ ለአልጋ፣ ለአጥርና ለዶሮ ቤት ከመከፋፈሉ በፊት በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ማዳመጥ ይበጃል፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ በቢላዋ ፈልቅቆ ማየት ነው። በከተማ ከፈረሰ ቤት ተገዝቶ ወደ ገጠር የሚመጣ ወራጅ፣ በርና መስኮትም ከዚህ የተለየ አይደለም።

በመጋዘኑ ወይም በትምህርት ቤቱ ጣሪያ ውስጥ፣ ኩይሳ በሌለበትና የጭቃ መንገድ በማይታይበት ስፍራ፣ እንጨቱ ሲበላ ከታየ ወይም በሥሩ እንደ ጤፍ ያለ ደቃቅ ኩስ ከተከማቸ እንጨቱን ከቦታው አለማንቀሳቀስ የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ብዙ ሰው ደንግጦ አውጥቶ ይጥለዋል፤ ሲጥለውም ሌላ ያነሣዋል። ከዚያ ቀጥሎ ከምስጦቹ መካከል ጭንቅላታቸው ጠንካራ፣ አብዛኛውን ጊዜም መንጋጋቸው ጎላ ያለ ወታደሮችን መርጦ አልኮል ባለበት ትንሽ ጠርሙስ መክተት ነው፤ ዓይነቱን ለባለሙያ የሚያሳውቁት እነርሱ ናቸውና። አልኮል ከታጣ ጠንካራ አረቄ ለጊዜው ያገለግላል። ጠርሙሱን በልማት ጣቢያ ሠራተኛው በኩል ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም በአቅራቢያ ላለ የዕፅዋት ጤና ክሊኒክ መላክ ይቻላል። በወረቀት ላይ እንጨቱ ከየት እንደ መጣ፣ ማን እንዳመጣውና መቼ እንደገባ ተጽፎ ወረቀቱ ከጠርሙሱ ውስጥ ይግባ። የሚጻፈውም በእርሳስ ነው፤ የብዕር ቀለም በአልኮሉ ይለቅቃል።